በግራዎ በኩል

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ የኔታ፤

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ እትዬ እናኑስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ምስጋና ይግባው።

ይህን ደብዳቤ ምክትልዎ እጅጉ ያንብብልዎ። ዓይንዎ እንደ ደከመ አውቃለሁ። ባይደክምም ግን ይህ ጮክ ተብሎ መነበብ ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ እጅጉ በቀኝዎ ይቀመጥ። ተማሪዎቹ ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰብሰቡ፤ እትዬ እናኑም የያዙትን ትተው ይምጡ። ድሮ በአደባባይ ያበላሸሁት ነገር አለና በጓዳ ላስተካክለው አልፈልግም።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ የተነሡትን የጭንቅላት ምስል አየሁት። ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የተናገርሁት ልብዎ እሱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሳይሰሙኝ እንዳይቀሩ ብዬ ነው። ዝርዝሩን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ። እጅጉ፣ አንተም ዘለህ ወደ መጨረሻው እንዳትሄድ፤ አመልህን አውቀዋለሁ።

የኔታ፣ ከሽንዲ ተነሥቼ እርስዎ ዘንድ ስመጣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው የሚካኤል ደብር ስደርስ እርስዎ ዋርካው ሥር አጎዛዎ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተማሪው በቀኝና በግራዎ ግማሽ ክብ ሠርቶ ተራውን ይጠብቃል። ቀኙ ሞልቶ ነበር። አዲስ መጪ ነኝና በግራ ተቀመጥሁ። የመቀመጫ ነገር ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

በቀኝዎ የተቀመጠ ተማሪ ቅኔውን ሲነግርዎ ያርሙታል፣ ያፈርሱበታል፣ መልሰው ያቀኑለታል፤ ሲያምርዎ ደግሞ "ይበል!" ይሉታል። በዚያች አንዲት ቃል ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ጠግቦ ያድራል። በግራዎ የተቀመጠ ሲነግር ግን ዓይንዎ ወደ ዳጉሳው ማሳ ይሄዳል። ሲጨርስ "በል ተቀመጥ" ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አያርሙትም፤ አይነቅፉትም። ብንሰደብ እንኳ በተሻለን ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነንና ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። በምጽአት ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ ጡት ሳንጥል ሰምተናል። "የኔታ ከወዲሁ ለይተውናል" ተባለ። ከዚያ ወዲያ የግራው ረድፍ ስም ፍየሎች ሆነ። የቀኞቹ ሲያዩን እንደ ፍየል ይጮሁብናል፤ እኛም ለመሳቅ ያህል እንመልስላቸዋለን። ከቀኝ አንዱ ተመርቆ ሲወጣ ለባዶዋ ቦታ የነበረውን ግፊያ እርስዎ አላዩትም። እኔ አልጋፋም ነበር። ቅኔዬ ካማረ ከግራም ይሰማል ብዬ ተማመንሁ።

አንድ ጾም ሙሉ ጥድ ውስጥ እየዋልሁ አንዲት ጉባኤ ቃና ሠራሁ። ሁለት መስመር ናት፤ ግን ለእኔ ሁለት ማሳ ነበረች። ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠራኋት! ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ነገርሁዎ። ድምፄ ያን ጊዜም ቀጭን ነው፤ ያን ቀን ነፋስም ነበር። እርስዎ ማሳውን እያዩ "በል ተቀመጥ" አሉኝ። ቀጥሎ እጅጉ ከቀኝ ተነሣና አንዲት አንካሳ ቅኔ ነገረ። ይቅር በለኝ እጅጉ፣ አንካሳ ነበረች፤ አንተም ታውቃለህ። እርስዎ ቀጥ አድርገው አቃኑለትና "ይበል!" አሉት።

በማግስቱ አቆፋዳዬን አንግቼ ወጣሁ። ዝም ብዬ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። የገበያ ቀን ነበር። ማንኩሳ ገበያ፣ የደብሩ ሽማግሌዎች ጠላ ከሚጠጡበት ደጃፍ ቆምሁና "መሪጌታ ሀብተሚካኤል በቀኝ የሚያስቀምጡት ማርና ቅቤ የሚያመጣላቸውን ነው፤ የድሃ ልጅ ቅኔ አይሰሙም" አልሁ።

"አይተሃል?" አሉኝ።

"በዓይኔ" አልሁ።

የኔታ፣ አላየሁም። ያየሁት የእጅጉ እናት የላኩትን አንድ ቅል ማር ብቻ ነው። እሱንም እርስዎ ለሁላችን አካፍለውናል። ለእኛ ለፍየሎቹም ደርሶናል። እኔም በልቻለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ወሬው ፍኖተ ሰላም ደረሰ። አሥራ አንድ ተማሪዎች ጥለውዎት ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ደብሩ ለተማሪ የሚሰጠውን ቀለብ ዓመት ሙሉ ከለከለ፤ እርስዎም ድጓዎን አስቀምጠው ሞፈር ጨበጡ። እትዬ እናኑ ገበያ ሲወጡ ሴቶቹ ፊት እንደ ነሷቸው ሰማሁ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ፍኖተ ሰላም አስኳላ ገብቼ ስማር ነው። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅዎትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ስሜን አላነሡምና ያን ወሬ ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልተነገረዎትም። እኔ ነኝ። እጅጉ፣ ድምፅህን አትቀንስ። እኔ ባምላኩ ነኝ ያወራሁት።

ከዚያ በኋላ ዘመናይ ሆንሁ። ተምሬ የራጅ ባለሙያ ሆኜ ባሕር ዳር ተቀጠርሁ። የሰው ሳንባ፣ የሰው አጥንት፣ የሰው ጥርስ ሳይ እውላለሁ። የራሴን ቂም ግን ምንም ራጅ አላሳየኝም።

በ2004 ጥር ወር ሽንዲ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረና ቡሬ ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። መናኸሪያው በር ላይ ጥምጥምዎን አየሁ። በዱላ ተደግፈው እንደ መንገዳገድ ይላሉ። ከመንገዱ ዳር የቆመች አንዲት ሸንኮራ ሻጭ "መሪጌታ ዛሬም ቀምሰዋል" ስትል ሰማሁ። እኔም አመንኋት፤ ክፉ ወሬ ለማመን ከእኔ የሚቀድም የለም። ቢሆንም መምህሬ ነዎትና ቀረብ ብዬ "እንደምን ዋሉ የኔታ?" አልሁ። በግራዎ በኩል ነበርሁ። ሳያዩኝ አለፉ።

"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ አሁንም ፍየል ነኝ?" አልሁ በልቤ።

ከዚያ ከኋላ በግራዎ በኩል አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። እርስዎ ዘወር አላሉም። እውነቱን ልንገርዎ፤ ወዲያው አልጮህሁም። "ትንሽ ይደንግጡ" የሚል ነገር በልቤ ነበር። ከዚያ ግን እግሬ ከልቤ ቀደመና ሮጬ ጋቢዎን ይዤ ሳብሁዎ። ሁለታችንም አቧራው ላይ ወደቅን። ባጃጁ ዱላዎን ሰብሮ አለፈ።

"ምን ሆነህ ነው አንተዬ!" ብለው ተቆጡ።

"ባጃጅ ሊገጭዎት ነበር እኮ፣ የኔታ!"

"የቱ ባጃጅ?" አሉኝ።

ጥሩምባው ቡሬን ሁሉ ሲያደነቁር እርስዎ "የቱ ባጃጅ" ይላሉ። አቧራው ላይ እንደ ተቀመጥሁ ዋርካው ሥር ያለው የግራው ረድፍ፣ የዳጉሳው ማሳ፣ ያ "በል ተቀመጥ" የሚለው ቃልዎ ሁሉ ተራ በተራ መጡብኝ። ከአፍዎ የመጠጥ ሽታ እንዳለ ለማወቅ ጠጋ አልሁ። ምንም አልነበረም። የሚያንገዳግድዎ ሌላ ነገር ነው።

ማንነቴን ነግሬ ሻይ ቤት አስገባሁዎና ሁለት ጣቶቼን በቀኝ ጆሮዎ አጠገብ አሻሸሁ። "ምን ታደርጋለህ፣ ጤፍ ትፈትጋለህ?" አሉኝ። በግራው ጆሮዎ አጠገብ ሳሻሽ ዝም አሉ። አጨበጨብሁ፤ አሁንም ዝም። አሳላፊዋ ግን ተጠራሁ ብላ መጣች።

"ግራው ጭራሽ አይሰማም እንዳልልህ ደወል ይሰማል" አሉኝ በመጨረሻ። "ቀንም ሌትም ይደወልበታል። የገዳም ጥሪ ነው። ለእናኑ አልነገርኋትም እንጂ መመነኔ ነው።"

"መጀመሪያ ይታዩ፤ ከዚያ ይመንናሉ" አልሁዎ። መምህሬን እንዲያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ እናኑ ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ይዘው ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? "እኔኮ ስቆጣው ሁልጊዜ ምድጃው ጋ ቆሜ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ በግራው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ትዕግሥቱን ሳደንቅ!" አሉ። ያን ቀን ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልሳቅንም።

ያኔ መጀመሪያ አዲስ አበባ የተነሣው ምስል የኔን ዓይን ራሱ አስደነገጠው። ከጆሮ ወደ አንጎል የሚገባው ነርቭ ላይ ትልቅ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ዕጢ ተቀምጧል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ በዝግታ አስረዳን። ክፉ ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይሄድም። ብዙ ዓመት ቀስ እያለ ያደገ ነው። ክፋቱ ቦታው ነው። መስማቱን ወስዷል፤ ሚዛንን እየወሰደ ነው፤ አሁን ደግሞ ትንፋሽን የሚጠብቀውን የአንጎል ግንድ መግፋት ጀምሯል። ዝም ከተባለ ይገድላል።

"ጭንቅላትዎን ከፍተን እናወጣዋለን" አለ።

ያን ጊዜ ጥምጥምዎን በሁለት እጅዎ ያዙ። "እኔ የጻፍሁት ነገር የለኝም" አሉት። "ከመምህሬ የተቀበልሁት፣ መምህሬም ከመምህሩ የተቀበለው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ጎተራውን ከፍታችሁ ነቀዙን ስታወጡ እህሉ ቢደፋስ?"

ሐኪሙ አልሳቀብዎትም። ብዙ አሰበና ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ግን በአገራችን እንደሌለ ነገረን። ሳይከፍቱ፣ ሳይቆርጡ፣ በጨረር የሚደረግ ነው። መቶ ዘጠና ያህል ጨረሮች ከየአቅጣጫው ወደ ራስ ይላካሉ። እያንዳንዱ በጣም ደካማ ነው፤ በመንገዱ ያለውን አንጎል ሳይጎዳ ያልፋል። ሁሉም የሚገናኙት ግን አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ተደምረው ዕጢውን ይገድሉታል። ስህተቱ ግማሽ የጤፍ ፍሬ አያህልም።

እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ "አንዱ ብቻውን ምንም አይችልም?" ብለው ጠየቁ።

"ምንም።"

"ሲገናኙ ነው የሚችሉት?"

"ሲገናኙ ብቻ።"

"ምህላ ነው በለኛ!" አሉት። "ምህላ ከሆነስ እገባለሁ።"

ወደ ህንድ የሄድነው ተማሪዎችዎ ከየደብሩ አዋጥተው ነው። ከቡሬ፣ ከመራዊ፣ ከሽንዲ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ላኩ። በእኔ ወሬ ጥለውዎት ከሄዱት ከአሥራ አንዱም አራቱ አሉበት። የአንዱን ስም ሳነብ አንገቴን ደፋሁ፤ እርስዎ የደከመኝ መሰለዎት።

የኔታ፣ እኔ ጨረርን አውቀዋለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነበርሁ። እንጀራዬ ነው። የማውቀው ጨረር ግን ያገኘውን ሁሉ አልፎ የሚሄድ፣ ለይቶ የማያውቅ ነው፤ ስለዚህም እኛ ከግድግዳ ኋላ ተደብቀን ነው የምንለቀው። ዴልሂ ያየሁት ሌላ ነው።

ጠዋት ጥምጥምዎን ራስዎ ፈትተው፣ አጣጥፈው፣ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ የብረት ቀለበቱን ራስዎ ላይ በአራት ብሎን ገጠሙት። ማደንዘዣ ወግተውዎታል፤ ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ጥርስዎን እንደ ነከሱ አየሁ። በልቤ ያለፈውን ያወቁ ይመስል "እንዳትለው!" አሉኝ። "ያ አክሊል የጌታ ብቻ ነው። ይኼኛው የሚወጋ አይደለም፤ የሚይዝ ነው።" ቀለበቱን ያደረጉት ራስዎ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ንቅንቅ እንዳይል ነው። ከዚያ እንደ ተገጠመ እንደገና ምስል አነሡ።

ምስሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ከባለሙያዋ ኋላ ቆሜ አየሁ። ቀጭን ባለ መነጽር ሴት ናት። ዕጢውን በቀይ ከበበችው፤ አጠገቡ በፀጉር ያህል ርቀት የሚያልፈውን የፊት ነርቭ በቢጫ ቀለመችው፤ የአንጎሉን ግንድ በሰማያዊ። ከዚያ ጨረሮቹን መደልደል ጀመረች። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ቢጫውን ይነካል። ታፈርሰዋለች። እንደገና ትሠራለች። ያምራል ስል ራሷን ነቅንቃ ታፈርሰዋለች። ሦስት ሰዓት! ጥድ ውስጥ የዋልሁበት ጾም ትዝ አለኝ። ይህች ሴት ቅኔ ትቆጥራለች አልሁ። እንባዬ መጣ፤ ስለ ምን እንደሆነ ራሴም አላወቅሁትም። የሰው ልጅ በማያውቀው ሰው ራስ ውስጥ ያለች አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ እንዳትጎዳ ይህን ያህል መጨነቁ ነው መሰለኝ።

እርስዎ እስከዚያ ድረስ ብረቱ ራስዎ ላይ እንዳለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። መጥቼ አጠገብዎ ተቀመጥሁ። በግራዎ ነበር። አንገትዎን ማዞር አልቻሉም፤ በእጅዎ አየሩን ዳበሱና "ማነው? ወደ ቀኝ ና" አሉኝ። ዞርሁ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አሉ። "ከዚያ ውስጥ ስወጣ ምን እንደምሆን አላውቅምና። ዋርካው ሥር ሳላችሁ በግራዬ ያለው ተማሪ ሲነግረኝ አልሰማውም ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። 'ድገመው' ማለት ነበረብኝ። አፈርሁ። ጆሮው የማይሰማ የቅኔ መምህር ምን ይባላል? ከንፈሩን ላለማየት ብዬ ማሳውን አያለሁ። ሁሉንም 'ተቀመጥ' እያልሁ አለፍሁ። አንተንም። ያን ቀን አንድ ጾም የደከምህበት መሆኑን ከፊትህ አይቻለሁ። ፊትህን አይቻለሁ፣ ባምላኩ። በማግስቱ ስትሄድ 'ጥፋቱ የኔ ነው' አልሁ። ይቅር በለኝ።"

ብረት የተገጠመበት ራስዎን ዝቅ ለማድረግ ሞከሩ፤ አልሆነልዎትም።

የኔታ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እኔም ገበያ ወጥቼ አስወርቼብዎታለሁ" ማለት አራት ቃል ነው። ግን ያን ያህል ዓመት የተሸከምሁት ቂም ባለ መብት አድርጎኝ ነበርና "ይቅር ለእግዜር" አልሁ። የእርስዎን ይቅርታ ተቀብዬ የእኔን ዋጥሁት። እጅዎን ሳምሁ፤ እርስዎም ባረኩኝ። ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ከዚያ ገቡ። ከመግባትዎ በፊት የነገሩኝን ለተማሪዎቹ ልናገር፤ እርስዎ አይናገሩትምና። "ከመምህሬ የተቀበልሁትን አርባ ቅኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ከላይ እስከ ታች እላቸዋለሁ። የጎደለ ካለ አውቀዋለሁ" አሉኝ። አልጋው ቀስ ብሎ ወደ ማሽኑ አስገባዎት፤ ከባዱ በር ተዘጋ። ውጭ ሆነን በመስተዋት እናያለን፤ በድምፅ ማጉያ እንሰማለን። ምንም ነገር አይታይም። ብርሃን የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። መቶ ዘጠና ያህል ጨረር በራስዎ ውስጥ እየተገናኘ ነው፤ ክፍሉ ግን እንደ ጾም ቤት ጸጥ ብሏል። የሚሰማው የእርስዎ ማነብነብ ብቻ ነበር።

ባለሙያዋ ደንግጣ "አመማቸው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይደለም" አልኋት፤ "የተቀበሉትን አደራ እየፈተሹ ነው።" ገባት አልገባትም አላውቅም፤ ግን እጇን አገጭዋ ላይ አድርጋ እስኪጨርሱ ሰማችዎት። እኔ ደግሞ ምን ሆንሁ መሰለዎት? ቅኔዎቹን አወቅኋቸው። ዋርካው ሥር ለቀኞቹ ሲያስተምሩ ከግራ ሆኜ ሰርቄ የሰማኋቸው ናቸው። ከንፈሬ ከእርስዎ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ጠልቼዎታለሁ እያልሁ ያን ሁሉ ዓመት ይዣቸው ኖሬያለሁ።

ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ብሎኑን ፈቱልዎ። ግንባርዎ ላይ ሁለት ነጠብጣብ ደም ብቻ ነበር። "ይህ ብቻ ነው?" አሉኝ። "ይህ ብቻ ነው" አልሁ። ተቀመጡ፤ ጣትዎን እያጠፉ ቆጠሩ።

"አርባ" አሉ። "አንዲት ቃል አልተነካችም።" ከዚያ ወደ ማሽኑ ዘወር ብለው፣ እጅዎን አንሥተው፣ እንደ ዋርካው ሥር በሙሉ ድምፅዎ "ይበል!" አሉ።

የኔታ፣ እኔ አንድ ጾም ደክሜ ያላገኘሁትን ማሽኑ በአርባ አምስት ደቂቃ አገኘው። ግን አልቀናሁም። እኔም በልቤ "ይበል" ብያለሁ። በማግስቱ በእግርዎ ገበያ ወጥተው ለእትዬ እናኑ ነጠላ የሚያህል ነገር ሲመርጡ አይቼዎት፣ ይህ ሰው ትናንት ራሱ ውስጥ ዕጢ ተመትቷል ብል ማን ያምነኛል አልሁ።

እንግዲህ ወደ ምስሉ። ሐኪሞቹ እንደ ነገሩን ዕጢው በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በመጀመሪያው ዓመት እንዲያውም አብጦ አስፈራርቶናል። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንሷል። መሐሉ ጠቁሮ ባዶ ሆኗል። ባቄላው ራሱ ነቅዟል፣ የኔታ። የአንጎሉ ግንድ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የፊት ነርቭዎ ደህና ነው። በየጊዜው እናየዋለን፤ ግን ሐኪሙ እየሳቀ ነው የሸኘኝ። የግራው ጆሮ ግን አይመለስም። ደወሉም ላይለቅዎት ይችላል። ይህን አልዋሽዎትም፤ መዋሸት በዛብኝ።

ከሐኪሙ ወጥቼ ምስሉን በእጄ ይዤ መንገድ ላይ ቆምሁ። የእርስዎ ሲሞት የእኔ ብቻ መቅረቱ ታወቀኝ። የእኔን ለማውጣት ደግሞ ዴልሂ መሄድ አያሻም፤ የሚያስፈልገው ማንኩሳ መመለስ ነው።

እጅጉ እንደ ጻፈልኝ ከተመለሱ ወዲህ መደዳውን ቀይረዋል። አጎዛዎን ዳር አድርገው ሁሉንም በቀኝዎ ያስቀምጣሉ፤ በግራዎ ማንም የለም። መስማት እንደማይችሉም ለተማሪው ሁሉ በግልጽ ነግረዋል። ይህን ሳነብ ኮራሁብዎ። ግን ዋርካውን አውቀዋለሁ። ጥላው ያለው በግራ ነው። ተማሪው በቀኝ ተጨናንቆ ፀሐይ ይመታዋል፤ ጥላው ባዶውን ይውላል።

ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ። መጀመሪያ ማንኩሳ ገበያ፣ ያኔ የቆምሁበት ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ላሉት ዋሽቼ እንደ ነበር ያኔ በተናገርሁበት ድምፅ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ዋርካው ሥር መጥቼ፣ ከፈቀዱልኝ፣ በግራዎ እቀመጣለሁ። ግራውን ይክፈቱት። እዚያ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ ዞሬ አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ በቀኝ ጆሮዎ አደርስልዎታለሁ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ በዚህ እጨርሰዋለሁ። እኔ ሥራ ላይ በምሆንበት ጊዜ እጅጉ ግራውን ይያዝልኝ። ፍየል መሆን ምን እንደሚመስል እሱም ይየው።

ካልፈቀዱልኝም ይገባኛል። መጥቼ ደጃፍዎ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ።

አሁን እጅጉ አንብቦ ጨርሷል። ተማሪዎቹ እርስዎን ያያሉ፤ እትዬ እናኑ ምናልባት ያለቅሳሉ። እርስዎ ማሳውን እንዳያዩብኝ፣ የኔታ። ነፋስ ወስዶት ያልሰሙት ቃል ካለ፣ ወይም ከሰሙት መካከል ለማመን የከበደዎ ካለ፣ እባክዎ እንደ ድሮው አይፈሩ። እጅጉን "ድገመው" ይበሉት።

የግራው ተማሪዎ፣
ባምላኩ